መኪናው የተናገረ ዕለት

ይህን ነገር ስንዱ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ለእናቷ አልተናገረችም። ለጓደኞቿ አልተናገረችም። ለድመቷ እንኳን አልተናገረችም!

ዛሬ ስንዱ ትልቅ ሰው ናት። ብዙ ተምራለች፤ መነጽርም ታደርጋለች። ግን ይህን ነገር ልትናገር ስትል አሁንም ጉንጯ ቀላ ይላል።

ቢሆንም ዛሬ ይነገር ብላለች። እስቲ ጠጋ በሉና ስሙ።

ስንዱ ትንሽ ልጅ ሳለች በጣም፣ በጣም ዓይን አፋር ነበረች።

እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ኋላ ትደበቃለች። «ደህና ነሽ ወይ?» ሲሏት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች።

ድምፅ አጥታ አይደለም። ድምፅማ አላት። ግን ሰው ሲያያት ድምፅዋ ጉሮሮዋ ላይ ይደርስና ቁጭ ይላል። «አልወጣም!» ይላል።

ከእናቷ ጋር ብቻዋን ስትሆን ግን እንደ ወፍ ትንጫጫለች።

አንድ ቀን ስንዱና እናቷ ቲማቲም ሲለቅሙ ዋሉ። ቀይ ቲማቲም! ክብ ቲማቲም! አንዱ ሳጥን ሞላ። ሌላውም ሳጥን ሞላ። ሌላውም!

«ይህን ነገ ጠዋት ገበያ ወስደን እንሸጣለን» አለች እናቷ። «ከዚያ ዩኒፎርምሽን እንገዛለን። ከነገ ወዲያ ትምህርት ቤት ይከፈታል። አንቺም ተማሪ ትሆኛለሽ!»

«ሰማያዊውን ዩኒፎርም?»

«አዎ፣ ሰማያዊውን።»

«ዩኒፎርም ከሌለኝስ?»

«ከሌለሽማ አያስገቡሽም። ለከርሞ ትገቢያለሽ።»

ከርሞ ሩቅ ነው። ስንዱ ከርሞን አልወደደችውም።

ነጋ። ቲማቲሙን ገበያ የሚያደርሰው የጋሽ ጥላዬ መኪና ነው። አረንጓዴ፣ ትልቅ፣ አሮጌ የጭነት መኪና።

ጋሽ ጥላዬ መኪናውን በጣም ይወደዋል። ስምም አውጥቶለታል። «አንበሴ» ይለዋል።

አንበሴ ቁልቁለቱ ላይ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ቆሟል። እንዳይንሸራተት ከጎማው ፊት ትልቅ ድንጋይ ተደርጎለታል። ሹፌሮች ይህን ድንጋይ «ታኮ» ይሉታል።

ሳጥኖቹ ተጫኑ። ከላያቸው ሸራ ለበሱ።

«አንቺ እዚህ ሁኚና ቲማቲማችንን ጠብቂ» አለች እናቷ፤ ስንዱን አንሥታ ከሳጥኖቹ ጎን አስቀመጠቻት። ስንዱ ሸራው ሥር ገብታ ቁጭ አለች። ከአጠገቧ አንድ ባዶ በርሜል በጎኑ ተኝቷል።

ጋሽ ጥላዬ ጋቢና ገባ። ቁልፉን አዞረ።

«ርርርር… ርርርር… ጠቅ!»

አንበሴ ዝም። ጭጭ።

«ምን ነካህ፣ አንበሴ?» አለ ጋሽ ጥላዬ። እንደገና አዞረ።

«ርርርር… ርርርር… ጠቅ!»

አንበሴ ዝም። ጭጭ።

በዚያ በኩል እትዬ ዘርፌ ዱባ ተሸክማ እያለፈች ነበር። ይህን ስታይ ዱባዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ምች ነው!» አለች።

«ምን?» አለ ጋሽ ጥላዬ።

«ትናንት ፀሐይ ላይ ውሎ የለም? ላብ በላብ ሆኖ ነፋስ አግኝቶታል። ምች ነው የመታው!»

«መኪናንም ምች ይመታዋል እንዴ?»

«ለምን አይመታውም? ግንባሩን ንካው እስቲ!»

ጋሽ ጥላዬ የአንበሴን ግንባር ነካ። «ውይ፣ ቀዝቅዟል!»

«አላልኩህም?» አለች እትዬ ዘርፌ። ሮጣ ሄዳ ከጓሮዋ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች።

ቅጠሉን ጨመቀች፣ ጨመቀች። የአንበሴን ግንባር አሸችው። አፍንጫውን አሸችው። ሁለቱን መብራቶቹንም አሸቻቸው።

«አሁን ጋቢ አልብሰው። ላብ ያውጣው!»

ጋሽ ጥላዬ ጋቢውን አውልቆ ለአንበሴ አለበሰው። «እግዜር ይማርህ» አለው። ከዚያ ቁልፉን አዞረ።

«ርርርር… ርርርር… ጠቅ!»

አንበሴ ዝም። ጭጭ።

«ሽታው ጥሩ ነው» አለ ጋሽ ጥላዬ። «ግን አልተነሣም።»

«ሃ! ሃ! ሃ!» የሚል ሳቅ ተሰማ። አያ ደምሴ ነው፤ ጅራፉን ይዞ ወደ እርሻ ሲሄድ።

«የምን ምች! ልግመኛ ነው እንጂ!» አለ። «እኔ ቤት ልክ እንደሱ ያለ በሬ ነበረኝ። ቀንበር ሲያይ ይተኛል! እስቲ ለኔ ተዉት።»

አያ ደምሴ ጅራፉን ሰማይ ላይ አጮኸው። «ጧ! ጧ!»

«በል ተነሥ! ሂድ! ሂድ ብዬሃለሁ፣ አንተ!»

አንበሴ ዝም። ጭጭ።

አያ ደምሴ የአንበሴን መስታወት እንደ ጆሮ ይዞ ቆነጠጠው። «ትነሣለህ ወይስ አትነሣም?»

አንበሴ ዝም። ጭጭ።

«እሺ፣ እርቦት ይሆናል» አለ አያ ደምሴ። አንድ እቅፍ ሣር አምጥቶ ከአንበሴ አፍንጫ ፊት አስቀመጠ። «ሣሩን ሲያይ ራሱ ይነሣል፤ ታያላችሁ!»

ሁሉም ሣሩን እያዩ ጠበቁ። ጠበቁ። ጠበቁ።

አንዲት አህያ መጣችና ሣሩን በላችው።

«ርርርር… ርርርር… ጠቅ!»

አንበሴ ዝም። ጭጭ።

ስንዱ ሸራው ሥር ሆና ታያለች። ፀሐይ ከተራራው ላይ ብቅ ብላለች። ቲማቲሞቹም መሞቅ ጀምረዋል።

አሁን ደግሞ አባባ ዘለቀ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። አባባ ዘለቀ የተጣላውን ሁሉ የሚያስታርቁ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው።

አንበሴን ዞረው ዞረው አዩት። ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ይህ መኪና አልታመመም» አሉ። «አልለገመምም። ይህ መኪና አኩርፏል!»

«አኩርፏል?» አሉ ሁሉም።

«አኩርፏል! በል ጥላዬ፣ እውነቱን ተናገር። ትናንት ምን አልከው?»

ጋሽ ጥላዬ አቀረቀረ። «ትናንት… ዳገቱ ላይ… አልወጣ ሲለኝ… ‹አንተ ቆርቆሮ!› አልኩት።»

«ቆርቆሮ!» አለች እትዬ ዘርፌ።

«ቆርቆሮ!» አለ አያ ደምሴ። «ይሄን የመሰለ መኪና ቆርቆሮ ትለዋለህ? እንኳን እሱ እኔም አኮርፋለሁ!»

«በል» አሉ አባባ ዘለቀ፤ «ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቀው።»

በዚያ አገር ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ትከሻው ላይ ድንጋይ ይሸከም ነበር። ጋሽ ጥላዬም ድንጋይ ፈለገ። ወደ ግራ አየ። ወደ ቀኝ አየ። ወደ ታች አየ።

ከጎማው ፊት ያለውን ትልቅ ድንጋይ አየና አነሣው! ታኮውን! የእጅ ፍሬኑ ስለተያዘ አንበሴ ንቅንቅ አላለም።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከአንበሴ ፊት ተሰለፉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጌታው አንበሴ» አሉ አባባ ዘለቀ። «ይህ ልጅ አጥፍቷል። ልጅ ያጠፋል። ለኛ ለሽማግሌዎቹ ሲሉ ይቅር ይበሉት።»

ጋሽ ጥላዬ ድንጋዩን እንደተሸከመ ጎንበስ አለ። «ይቅር በለኝ፣ አንበሴዬ። ቆርቆሮ አይደለህም። ወርቅ ነህ!»

«ሳመው!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ጋሽ ጥላዬ የአንበሴን አፍንጫ ሳመው። «እምጷ! …ውይ፣ ዳማከሴው ይመራል!»

ይቅርታው አለቀ። ጋሽ ጥላዬ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደ። እጁ ለምዶበታልና ሳያስብ ወስዶ ከጎማው ፊት፣ የዱሮ ቦታው ላይ፣ መለሰው።

ማንም ልብ አላለም። ስንዱ ብቻ ከሸራው ሥር አየችው።

ጋሽ ጥላዬ እየሳቀ ጋቢና ገባ። ቁልፉን አዞረ።

«ርርርር… ርርርር… ጠቅ!»

አንበሴ ዝም። ጭጭ።

«ኧረ ይሄስ ከባድ ኩርፊያ ነው» አሉ አባባ ዘለቀ።

የስንዱ እናት ከዚህ በላይ መታገሥ አቃታት።

«ምች የለ! ልግም የለ! ኩርፊያም የለ!» አለች። «ባትሪው ነው የደከመው! ሌሊቱን ሙሉ የአንበሴን ሬዲዮ ከፍተህ ተኛህ። አንተ አንኮራፋህ፤ እኛን አላስተኛኸንም!»

ጋሽ ጥላዬ ራሱን አከከ። «ለካ እሱ ነው!»

«በሉ እንግፋው። ቁልቁለት ነው፤ ከተንደረደረ ይነሣል።»

ሁሉም ከአንበሴ ኋላ ቆሙ። እናቷ፣ እትዬ ዘርፌ፣ አያ ደምሴ፣ ሦስቱም ሽማግሌዎች። ጋሽ ጥላዬ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ።

«አንድ! ሁለት! ግ-ፉ!»

አንበሴ ንቅንቅ አላለም።

«አንድ! ሁለት! ግ-ፉ!»

አሁንም ንቅንቅ አላለም። አያ ደምሴ ፊቱ ቀላ። እትዬ ዘርፌ ነጠላዋ ወደቀ። ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ጫማ ወልቆ ቀረ።

ስንዱ አንዱን ቲማቲም ነካችው። ሞቋል። ሌላውን ነካችው። ለስልሷል!

እናቷ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ላቧን ጠረገች።

«በቃ» አለች ቀስ ብላ። «ፀሐዩ በረታ። ቲማቲሙም እዚሁ ወጥ መሆኑ ነው። ልጄም ትምህርቷ… ለከርሞ ይሁን።»

ለከርሞ!

የስንዱ ልብ ድም! ድም! አለ። አንበሴን የያዘው ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ታኮው ነው! ድንጋዩ ነው!

«ታኮው…» አለች በጣም ቀስ ብላ።

ማንም አልሰማትም። ከአጠገቧ ያለችው ዝንብ እንኳን አልሰማቻትም።

«ታኮው አለ…» አለች ትንሽ ከፍ አድርጋ። ነፋሱ ድምፅዋን ይዞት ሄደ።

ስንዱ ሸራውን ገልጣ ልትጮኽ አሰበች። ግን ያ ሁሉ ሰው! ያ ሁሉ ዓይን! ድምፅዋ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰና ቁጭ አለ። «አልወጣም!» አለ።

ስንዱ አፈረች። ወደ ኋላ ሸሸች፣ ሸሸች፤ ራሷም ባዶው በርሜል ውስጥ ገባ።

በርሜሉ ውስጥ ጨለማ ነው። ማንም አያያትም።

«እህ!» አለች።

«ቡህህህህ!» አለ በርሜሉ።

ስንዱ ደነገጠች። «ማነው?» አለች። «ማአአነው?» አለ በርሜሉ።

የራሷ ድምፅ ነው! ግን ትልቅ ሆኗል! ወፍራም ሆኗል! እንደ ነጎድጓድ ሆኗል!

ስንዱ ሆዷ እስኪነፋ አየር ሳበች። ዓይኖቿን ጨፈነች። ከዚያም፦

«ታኮ! ታኮ! ታኮዬን አንሡልኝ!»

ሁሉም ባሉበት ድርቅ አሉ።

አህያዋ እንኳን ማኘኳን አቆመች።

«ማ… ማነው የተናገረው?» አለች እትዬ ዘርፌ።

«እኔ አይደለሁም» አለ አያ ደምሴ።

«እኔም አይደለሁም» አሉ አባባ ዘለቀ።

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ አንበሴ ዞሩ።

«አንበሴ ነው!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ጥላዬ። «አንበሴ ተናገረ!»

አያ ደምሴ ጅራፉን ከኋላው ደበቀ። «ጌታው፣ ጆሮዎን የቆነጠጥኩት ለቀልድ ነው!»

«ድኖ ነው!» አለች እትዬ ዘርፌ። «ዳማከሴው ነው ያናገረው!»

«የምን ዳማከሴ!» አሉ አባባ ዘለቀ። «እርቁ ነው እንጂ!»

«ሣሩ ነው!» አለ አያ ደምሴ።

«ሣሩንማ አህያዋ በላችው!»

እንዲህ እየተባባሉ ሲከራከሩ ታኮው እዚያው ነው! ስንዱ በርሜሉ ውስጥ ሆና እንደገና አየር ሳበች።

«ታኮ! ታኮ! ታኮዬን አንሡልኝ!»

«እሺ ጌታዬ! አሁኑኑ!» አለ ጋሽ ጥላዬ። ፍሬኑን ያዘና ዘሎ ወረደ። ከጎማው ፊት ጎንበስ አለ።

«ውይ! ውይ! ለካ እኔው ነኝ የመለስኩት!»

ድንጋዩን አነሣ። ወዲያ፣ ከመንገዱ ዳር ወረወረው። ሮጦ ጋቢና ገባ፤ ፍሬኑንም ለቀቀ።

«በሉ ጎበዝ!» አለች የስንዱ እናት፤ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሣች። «አንድ! ሁለት! ግ-ፉ!»

ጎማው ትንሽ ዞረ።

«አንድ! ሁለት! ግ-ፉ!»

ጎማው ብዙ ዞረ። አንበሴ ተንደረደረ። ቁልቁል! ቁልቁል! ቁልቁል!

«ትር… ትር… ትርርር… ድድድድድድድድ!»

አንበሴ ተነሣ!

«ጢጥ! ጢጥ! ጢጢጢጥ!» አለ ጥሩምባው።

«እልልልልልል!» አለች እትዬ ዘርፌ። አያ ደምሴ እስክስታ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ።

ስንዱም በርሜሉ ውስጥ ሆና «እልልልል!» አለች። ግን ጩኸቱ ብዙ ስለነበር ያን ማንም አልሰማም።

አንበሴ ሜዳው ላይ ደርሶ ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም፤ ድድድድ ይላል። እናቷ እየሮጠች ደርሳ ስንዱን ልታወርዳት ወጣች።

የስንዱ ግንባር ላይ ዝገት አለ። ጉንጯ ላይም ዝገት አለ። አፍንጫዋ ላይም!

«ፊትሽ ምን ነካው?» አለች እናቷ።

ስንዱ ዝም። ጭጭ።

እናቷ በርሜሉን አየች። ስንዱን አየች። እንደገና በርሜሉን አየች።

ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ የስንዱን ፊት ጠረገችላት። ግንባሯን ሳመቻት። ምንም አልጠየቀቻትም።

ጋቢና ውስጥ ሦስቱም ተደርድረው ሄዱ።

«ሰማሽው፣ ስንዱዬ?» አለ ጋሽ ጥላዬ። «አንበሴ ሲናገር ሰማሽው? ድምፁ ወፍራም! እንደ ስሙ አንበሳ!»

ስንዱ ራሷን ነቀነቀች። ሳቅ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳለች።

ገበያ ደረሱ። ቲማቲሙ ገና ደህና ነው። አንዷ ሴት መጥታ ገዛች። ሌላዋም ገዛች። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ።

ሰማያዊው ዩኒፎርም ተገዛ! እጅጌው ትንሽ ረዘመ፤ ቀሚሱም ትንሽ ረዘመ።

«ታድጊበታለሽ» አለች እናቷ።

ማታ ሲመለሱ መንደሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ አንበሴ ነበር። «በዳማከሴ ነው!» ይላል አንዱ። «በእርቅ ነው!» ይላል ሌላው። «በጅራፍ ነው!» ይላል አያ ደምሴ።

ስንዱ መኝታዋ ላይ ወጣች። እናቷ ብርድ ልብሱን አለበሰቻት።

«አንበሴ ዛሬ ጥሩ ተናገረ» አለች እናቷ።

«አዎ» አለች ስንዱ።

«ድምፁ ደስ ይላል።»

«ደስ ይላል?»

«በጣም ደስ ይላል። ደግሞ ቢናገር ደስ ይለኝ ነበር።»

ስንዱ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። እዚያ ውስጥ ሆና ሳቀች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን እንቅልፍ ቀደማት።

በማግሥቱ ጠዋት ስንዱ ሰማያዊ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትምህርት ቤት ሄደች። የእናቷን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

መምህሩ በሩ ላይ ቆመው የአዲሶቹን ልጆች ስም ይጠይቃሉ። ልጆቹ ሁሉ እያንሾካሾኩ ነው የሚነግሯቸው። ስለዚህ መምህሩ ጎንበስ፣ ጎንበስ እያሉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

የስንዱ ተራ ደረሰ። መምህሩ አዩአት። ልጆቹ አዩአት። ወላጆቹ ሁሉ አዩአት።

«ስምሽ ማነው፣ የኔ ልጅ?» አሉ መምህሩ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ስሟ እንኳን…» ብላ ጀመረች እናቷ።

ስንዱ የእናቷን እጅ ለቀቀች። ሆዷ እስኪነፋ አየር ሳበች። ዓይኖቿን ግን አልጨፈነችም።

«ስንዱ!»

ጣሪያው ላይ የነበሩት ርግቦች ፍርርር ብለው በረሩ።

መምህሩ ጆሯቸውን ይዘው ቀና አሉ። «ሰማሁ! ሰማሁ!» አሉ እየሳቁ። «እንኳን እኔ ገበያውም ሰማ!»

ስንዱ ጉንጯ ቀላ። ግን አልተደበቀችም።

ክፍል ውስጥ ገባችና ከፊተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።